ሁለተኛዋ ልጅ

«ማነው ይሄን እግር ያሞቀው?»

የስፖርት መምህርቷ ለቁመቷ ቀጭኔ የሚሏትን ተማሪ ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ቀጭኔ ጥርሷን ነከሰች። ትናንት ከሰዓት የከፍታ ዝላይ ስትለማመድ ወለም ሲላት እብጠቱ ይህን ያህል አልነበረም። ዛሬ ግን እግሯ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጫማ አልገባ ብሏል።

ከጎኗ ድንቢጥ የሚሏት ጓደኛዋ ቆማለች። ያሞቀችው እሷ ነበረች። ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ጓደኛዋን ደግፋ ወሰደቻት፣ ውሃ አፍልታ የላስቲክ ከረጢት ሞላች፣ አንድ ሰዓት ሙሉም እግሯ ላይ ይዛላት ተቀመጠች። ቀጭኔ «ኧረ አቃጠለኝ!» ስትል «ቻይው፣ ሕመም የሚሸሸው ሙቀት ነው» ብላ የተቆጣቻትም እሷው ናት።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ቀጭኔ ዓይኗን ሳታሽ። «ቤት ገብቼ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት።»

«ስንት ጊዜ ነው የምናገረው? ትኩስ ጉዳት ላይ ትኩስ ነገር አይደረግም! መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን በረዶ፣ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው ሙቀት። በአንዱ ጆሯችሁ ገብቶ በሌላው ይወጣል!» መምህርቷ የስም ዝርዝሩን ሳብ አደረጉ። «የነገው የዝላይ ቡድን ምርጫ ቀርቶብሻል። የሚቀጥለው ወር ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ ለገዛ እግሯ የማትጠነቀቅ ልጅ ስም አላስተላልፍም።»

ድንቢጥ አፏን ልትከፍት ስትል ቀጭኔ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«ለምን ዋሸሽ?» አለቻት ድንቢጥ ኮሪደሩ ላይ።

«ከተናገርሽ ማሞቅ የት ለመድሽ ተብለሽ ስለ እናትሽ መጠየቅሽ ነው። ስለሷ ስትጠየቂ ደግሞ ምን እንደምትሆኚ አውቃለሁ።» ቀጭኔ ግድግዳውን ይዛ አነከሰች። «ደሞ ቀጭኔ እኮ በሦስት እግሯም ትሮጣለች፣ አታካብጂ።»

ቀልዷ ማንንም አላሳቀም። ፊቷን አዙራ በእጅጌዋ እንባዋን ስትጠርግ ድንቢጥ አየቻት።

የላስቲክ ከረጢቷ ድንቢጥ ቤት ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ስም ያወጣችላት የድንቢጥ እናት ናት። ሕመሙ ሆዷን ሰቅዞ ሲይዛት «እስቲ ሁለተኛዋን ልጄን አምጪልኝ» ትል ነበር። ድንቢጥም «ከኔ ይልቅ እሷን ነው የምትወጃት» ብላ ለማሳቅ ታኮርፋለች። ሰባት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ውሃ አፈላች። አንድ ጠዋት ግን ከረጢቷን ሞልታ ስትገባ የምታሞቀው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በዚያ ሐዘን ላይ ሌላ ተደረበበት። ሙቀት የሚጎዳ ከሆነ፣ እነዚያን ሰባት ወራት ምን ስታደርግ ነበር? እየሮጠች ቤቷ ሄደች። ከረጢቷን ከሚስማሩ አውርዳ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

መምህርቷ የዕቃ ክፍሉን ሊቆልፉ ነበር።

«እግሯን ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አለች ድንቢጥ። «አቃጠለኝ እያለችኝ።»

«ታዲያ እሷ ለምን ዋሸች?»

ድንቢጥ ከረጢቷን አወጣች። «ለእናቴም ይሄን ነበር የማደርግላት። ሆዷ ላይ። ቲቸር... እሷንም የጎዳኋት እኔ ነኝ?»

መምህርቷ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው አጠገቧ ተቀመጡ። «ስታደርጊላት ምን ትሆን ነበር?»

«እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።»

«በቃ! እናትሽን የወሰዳት በሽታው ነው። አንቺ እንቅልፍ ነው የሰጠሻት። የጓደኛሽ እግር ግን ሌላ ነው፣ እሱን ተሳስተሻል።»

ድንቢጥ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። መምህርቷ እስኪወጣላት ጠበቋት።

«ስሟን መልሼ አስገባለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እግሯ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ሃያ ደቂቃ ያዢላት፣ ከዚያ አሳርፊው። እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊላት።»

ቀጭኔ ቤት በረዶ አልጠፋም። ድንቢጥ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ በረዶውን በከረጢቷ አፍ አንድ በአንድ ከተተች። ላስቲኩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚህ በፊት ከረጢቷን ውሃ እንደያዘች ቀዝቅዛ የነካቻት አንዴ ብቻ ነው፤ እናቷ የሞተች ጠዋት አጠገቧ ትታት ወጥታ፣ ቀትር ላይ ስታነሳት። እጇ ሳታስበው ወደ ምድጃው ሄደ፣ ማንቆርቆሪያውን ነካ፣ ተመለሰ። ክዳኑን አጠበቀችው። ከቦርሳዋ የእናቷን ሻርፕ አውጥታ ከረጢቷን ጠቀለለች።

ቀጭኔ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች።

«እግርሽን ዘርጊ» አለቻት ድንቢጥ። «ሁለተኛዋን ልጅ አመጣሁልሽ።»