ከካርቶኑ ያልወጣው ዋይፋይ

የዚህ ጉዳይ ጠቅላላ ወጪ አንድ ሙሉ ዕቁብ ነው። ወላሂ፣ እኔ በጂንም በጥላም የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሆሳዕና ገበያ ላይ ከድንች እስከ ሞባይል ቻርጀር የቸረቸረ ሰው የማይመዘን ነገር ካመነማ ከስሮ ያልቃላ!

ዕቁቡ ሲደርሰኝ የዋይፋይ ቤት ልክፈት አልኩ፣ ተማሪው ቲኬት ይገዛል፣ በሰዓት ይጠቀማል፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ካልሠራ ወደ ድንቹ ነን» ብላኛለች፣ ስትቀልድ አይደለም። ቲኬቱን የሚቆጣጠርልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀችው ጎረቤቴ ምሕረት ሊኑክስ ጫነችበት፣ ነጻ ነው ስትለኝ ወዲያው ወደድኩት። ችግሩ ላፕቶፑ ዋይፋይ አያይም።

«ጋሼ ሽኩር፣ የዋይፋይ መሣሪያዎቹን ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ አለብኝ» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«እህሉ አለ፣ ማስፈጨት ነው የቀረን።»

ያኔ ገባኝ። ፈጨች። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ መሃል ላይ «ኤረር» ብሎ ይቆማል፣ የጎደለውን ፋይል በስልኳ ኢንተርኔት ታወርዳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ መብራት ሄደ፣ ከጀርባችን ያለው ወፍጮ እንኳ ቀጥ አለ። ላፕቶፑ በባትሪ ጨረሰ፣ ምሕረትም የዋይፋይ ፍለጋውን አስጀመረች። መብራት በሌለበት አንድም ዋይፋይ መገኘት አልነበረበትም፣ ላፕቶፑ ግን አንድ አገኘ፣ ስሙ «ሳትከፍል አትንካ»።

አሁን ስሙኝ። ይህን ስም ለዋይፋዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ባለቤቴ ትስቅብኛለች ብዬ ለእሷም። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ደግሞ ገና መደርደሪያው ላይ ነው፣ ካርቶኑ ከነእሽጉ!

«ራውተሩን አብርተውታል እንዴ ጋሼ?»

«እሽጉን እያየሽ?»

ላፕቶፑን ይዛ ወደ ካርቶኑ ስትጠጋ ሲግናሉ ይጨምራል፣ ስትርቅ ይቀንሳል። ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር ሰማሁ፣ የልቤ ምት ይሁን አይሁን አልምልም።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ሰው እየተጠቀመበት ነው።»

«ከፍለዋል?»

«በኢየሱስ ስም! አሁን ስለ ክፍያ ይወራል?»

«ስለ ምን ይወራ ታዲያ!»

እውነቴን ነው፣ ከፍርሃቱ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴቱ ነው። አራተኛው ተጠቃሚ ሲገባ ምሕረት ላፕቶፑን ከደነችው፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ የድካሟን ሂሳብ አልጠየቀችም፣ እኔም አላስታወስኳትም።

የመክፈቻው ቀን ምላጭ ይዤ ካርቶኑ ፊት ቆሜ፣ ልክፈተው አልክፈተው ስል፣ አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ገባች፣ ከፎንቆ ለገበያ የመጣች ናት፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ ቪዲዮ ከፈተች።

«እህቴ፣ ገና አልጀመርንም» አልኳት።

«ይሠራል እኮ።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ባለፈው ገበያ ራስህ አይደለህ እንዴ? ሂሳቤን ተቀብለህ!»

ባለፈው ገበያ እኔ ሱቁን ቆልፌ ጃጁራ ከተማ ነበርኩ። ምላጩን ኪሴ ከተትኩት።

እሽጉ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ወንበሮቹ በየቀኑ ይሞላሉ፣ ሁሉም «ለአንተ ከፍለናል» ይሉኛል።

እጄ የገባ ገቢ፦ ዜሮ ብር።