ከአንድ ከተማ አንድ ልጅ

«በልምምድ ላይ ከማን ጋር መላተም ትፈራለህ?» አሉ አሰልጣኝ ፑልያም፣ የማርሎን እናት የጠበሰችውን አሳ በሹካ እየቆረሱ።

ማርሎን ጥያቄውን ሲጠብቀው ነበር። በሚሲሲፒ ትንንሽ ከተሞች ሄልሜት አጥልቆ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት ልጅ ሁሉ የሰውዬውን ዘዴ ያውቃል። ትልልቆቹ ኮሌጆች ተጫዋች ለመመልመል በአውሮፕላን ይመላለሳሉ፤ የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ የሆኑት ፑልያም ግን ያላቸው አሮጌ መኪናና ለነዳጅ እንኳ የማይበቃ በጀት ነው። ስለዚህ በየከተማው አንዴ ብቻ ይመጡና እራት ተጋብዘው፣ ስለ አንዱ ልጅ ሌላውን ጠይቀው ይወስናሉ። ከአንድ ከተማ የሚወስዱትም አንድ ልጅ ነው።

«ቴሬልን» አለ ማርሎን። እውነቱን ነበር፤ ቴሬል ኳስ ይዞ ከሮጠ የሚያስቆመው የለም።

«አንተም እሱም ኳስ ይዛችሁ የምትሮጡ ናችሁ፤ እኔ ጋ ያለው አንድ ቦታ ነው። ከዚህ ወጥቼ እነሱ ቤት ነው የምሄደው።» አሰልጣኙ አፋቸውን ጠረጉ። «ጤናውስ እንዴት ነው? ተመልሼ መጥቼ ላየው አቅም የለኝም። ያንተን ቃል ነው የምይዘው።»

ቴሬል ባለፈው ጨዋታ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ራሱን ያዞረዋል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልሰው ያየው ማርሎን ብቻ ነው። ቴሬልም «አደራ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ብሎታል። «ኮሌጅ ካልገባሁ ያው እንደ አባቴ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ መግባቴ ነው።» ማርሎን እሺ አለው።

ያኔ እሺ ማለቱ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ሐሳቡ ተምታታበት። ዝም ቢል ቴሬል እንደዚያ ሆኖ ሜዳ ይገባል። ሌላ ምት ቢያገኘውስ? ቢናገር ደግሞ ቦታው የራሱ የማርሎን ይሆናል። ኮሌጁን እሱም ክፉኛ ይፈልገዋል። አፉን ሊከፍት ባለ ቁጥር የሚያናግረው ለጓደኛው ማሰቡ ይሁን ስስቱ መለየት አቃተው። በራሱ ተናደደ፤ በቴሬልም ተናደደ።

እናቱ ዝምታው ሲረዝም ጊዜ ወደ እንግዳው ዞር አለች። «ይሄ ልጅ ሲበላ እንጂ ሲያስብ አይቼው አላውቅም» አለች።

አሰልጣኙ ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ከማርሎን ላይ አላነሱም። መልስ እንደማያገኙ ሲገባቸው አመስግነው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ማርሎን ፊቱ ያለውን ሳህን ገፋ አደረገ። ውጭ መኪናው አልነሳም ብሎ ሲያጓራ ይሰማዋል። ሞተሩ ሲነሳ ግን ብድግ ብሎ ሮጠና የመኪናውን በር ከፈተ።

«ኮች፣ እኔም አብሬዎት ልምጣ።»

«እነ ቴሬል ቤት? ምን ልትሠራ?»

«የጠየቁኝን እሱ ባለበት ልመልስልዎት።»

አሰልጣኙ ጥቂት አዩትና ወንበሩ ላይ የተከመረውን ልብስ ወደ ኋላ ወረወሩለት። ማርሎን ገብቶ በሩን ዘጋ። ቴሬል ከዛሬ በኋላ ያናግረው እንደሆነ አያውቅም፤ ቦታው የማን እንደሚሆንም አልጠየቀም።

«ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ» አለ።