የጎረቤት ክኒን

በእኛ ሰፈር፣ በግብጿ ታንታ ከተማ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ የቃር ክኒን እንደ ጨው ነው፤ ያለው ለሌለው ያውሳል። ጎረቤቴ ሺሓታ፣ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋው፣ ዓመታት የኖረው በዚህ ውሰት ነው። በረመዳን አፍጥሮ፣ ጠግቦ፣ ደረቱን ሲያቃጥለው ከኪሱ አውጥቶ ዋጥ ያደርግና ጋደም ይላል።

«ሐኪም ይይህ» ስለው «ሐኪሙም ቃር አለበት» ብሎ ያስቀኛል።

ዘንድሮ ባለቤቱ ኢንሺራሕ ደጄ ላይ ቆመች። «ሐጂ ራድዋን፣ እርስዎን ይሰማል። ዳቦ በውሃ ነው የሚያወርደው፤ ሥጋማ ትቷል። ወንድሙን የወሰደው ካንሰር እንዲሁ ነበር የጀመረው።»

ሱቁ ሄጄ ጠየቅሁት። መርፌውን ከቆዳው ሳይነቅል «ካላወቅሁት የለም» አለኝ።

«አላህ ያውቀዋል። ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነህ።»

መስፋቱን ቀጠለ። በማግስቱ ግን የዚያን ቀን ጾም ሌላ ቀን ሊከፍል አስቦ አብሮኝ ሄደ።

ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው አወረደች። ኢንሺራሕ መተላለፊያው ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ቀረች። በኋላ ሐኪሟ ጠራችን። «አሲዱ የምግብ ቧንቧውን አቁስሎ አጥብቦታል፤ አስፍቼዋለሁ። ካንሰር የሚመስል አላየሁም፤ የወሰድሁት ናሙና ያረጋግጥልናል። ክኒኑን መቼ ነው የሚውጡት?»

«ከበላሁ በኋላ፣ ሲያቃጥለኝ።»

«ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ መቅዳት ነው። ይሄ የማዝልዎት ክኒን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ በየቀኑ፣ እኔ እስካስቆምዎት ነው። በልተውም ወዲያው አይተኙ።»

«ረመዳን ነው እኮ ዶክተር። አዛን ካለ ማን ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል?»

«በተምርና በውሃ ያፍጥሩ፣ ክኒኑን ይዋጡ፣ መስጊድ ሄደው ይስገዱ። ሲመለሱ ይበላሉ።»

ኢንሺራሕ ጣልቃ ገባች። «መጀመሪያ ስገድ ስለው የኖርኩትን ዛሬ ከዶክተር ሰማ።»

ከሳምንት በኋላ የናሙናው ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ።

ወገኖቼ፣ ቃር ሁሉ ክፉ በሽታ አይደለም። ግን ምግብ አላልፍ ሲል የጎረቤት ክኒን ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረንም።

ውጤቱ በመጣበት ማታ ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ በዩሚ የሚባለው ባለ ሻይ ቤት ሺሓታን ያዘው። «አንዲት ክኒን ጣል አድርግልኝ፤ ደረቴ ነደደ።»

«ክኒን አላውስህም» አለ ሺሓታ። «ነገ እዚያችው ሐኪም ጋ እወስድሃለሁ።»

ቤቱ ገብተን ማዕድ ቀረብን። ኢንሺራሕ ሥጋ ቆርሳ ሰጠችው። ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ዋጠ። የውሃው ብርጭቆ እንደሞላ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሁለተኛም ቆረሰችለት።