ከመስቀሉ ሥር ያለው ብረት

«በስመ ሥላሴ!» አለች ዜማ። የቀለም መፋቂያው ብረት ከእጇ ወደቀ።

ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አላያትም። አባቷ ምናለ ቀለም ሊገዛ ገበያ ወጥቷል፤ በብየዳ ቤታቸው ግቢ ያሉት እሷና በአፍጢሟ የተደፋችው የብረት ጀልባ ብቻ ናቸው። ጀልባዋ በዓመት አንዴ ከዓባይ በረሃ በአይሱዙ ተጭና ደብረ ማርቆስ ትመጣለች። አሮጌ ቀለሟ ይፋቃል፣ የተበላው ብረት ይበየዳል፣ አዲስ ተቀብታ ትወርዳለች።

ከሆዷ መሀል ግን የማይነካ ቦታ አለ። ጀልባዋ መጀመሪያ ውሃ ስትገባ አባ ወልደ ሰንበት ጠበል ረጭተው፣ አከርካሪዋ ላይ በገዛ እጃቸው ቀይ መስቀል ስለውባታል። ከዚያ ወዲህ የፋቀ ሁሉ መስቀሉ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ዛሬ ግን መፋቂያው አዳለጣትና የመስቀሉን ጫፍ ነካው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ ሥሩ ያለው ብረት ዝገት ሆኖ ረገፈ፤ ስትነካው አውራ ጣቷ ሰተት ብሎ ገባ።

እሑድ ሰንበት ተማሪዎቹ ለንግሥ ወደ ማዶ የሚሻገሩት በዚህች ጀልባ ነው። ጓደኛዋ ምሥራቅ ከበሮዋን ታቅፋ ፊት ትቀመጣለች። ዋና የሚባል ነገር አታውቅም።

ቀይ ቀለም እንደሆነ ጣሳው ውስጥ አለ። ቀባ ቀባ ብታደርገው ማን ያውቃል? መስቀል ፋቀች ከመባል ይሻላል። ብሩሹን አነሣች። ከዚያ ምሥራቅ ትዝ አለቻትና መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው፣ ጅብ ያየሽ መሰልሽ?» አለ አባቷ ከበሩ። የጀልባዋ ባለቤት ጋሼ ሙላት ተከትለውት ገቡ፤ መስቀሉን ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ።

«እግዚኦ! መስቀል ላይ መፋቂያ? አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?»

«አዳልጦኝ ነው ጋሼ። ግን ሥሩ ተበስቷል።»

«አይበሳም! ይኼን ሁሉ ዓመት ማን ጠበቀን? ምናለ፣ ቀባ አድርጋትና ነገ ትውረድ።»

አባቷ የገዛውን ቀለም መሬት አስቀመጠ።

«እባክዎ ጋሼ፣ ከሥሯ ገብተው ይዩት» አለች።

እያጉረመረሙ በጉልበታቸው ዳኹ። የጀልባዋ የእንጨት ወለል ወልቋል፤ ውስጧ ባዶ ብረት ነው። ማጉረምረማቸው ድንገት ተቋረጠ።

«ምናለ… ሰማዩ ይታየኛል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ዙሪያውም ስነካው ይረግፋል።»

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «የልጅ ልጆቼን ሳይቀር ጭኜባታለሁ እኮ! መቼም መበየድ አለበት። ግን መስቀሉን ማን ደፍሮ ይፋቀው?»

አባቷ የገዛ እጁን አየ። መፋቂያውን ለማንሣት ግን አልደፈረም።

ዜማ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ መፋቂያውን ከመሬት አነሣች።