በመስታወት ላይ የቆመች ከተማ

ከተማዋ ዘለለች።

ፎቆቹ፣ ጨረቃዋ፣ ጣሪያ ላይ የተሰለፉት አራቱ ጀግኖች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ተስፈነጠሩ። አንድ ሰው ዓለሙን በጥፊ ያጮለው ይመስል ነበር። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ በረራው ቀጠለ።

«አቁመው!» አለ አለቃ። «መልሰው እስቲ።»

ፉጨት ወደ ኋላ መለሰው። ከተማዋ እንደገና ዘለለች።

ከመስታወት ቆራጯ ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተዋል። አለቃን ማንም አልሾመውም። «የጀግኖች ፊልም እንሥራ» ብሎ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ስለሆነ ራሱን ሾመ፤ አፉም ትልቅ ስለሆነ የተከራከረው የለም። ፉጨት ሲያስብም፣ ሲበላም፣ ፈተና ላይ ሲቀመጥም የሚያፏጭ ሎጋ ልጅ ነው። ሚጢጢ የመስታወት ቆራጯ የወንድም ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ ያያት ሁሉ ግን «ስንተኛ ክፍል ነህ ማሙሽዬ?» እያለ ከወንድ ልጅ ጋር ሳይቀር ያምታታታል። አራተኛዋ አዲሷ ናት። ትምህርት ቤታቸው ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ዛሬም አዲሷ ናት።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አክስትየው ጠርዙ ተሸርፎ አልሸጥ ያላትን ትልቅ መስታወት ሰጠቻቸው። እሱን በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አጋደሙና ከሥሩ አምፖል አበሩ። ከበላዩ ደግሞ የአክስትየውን አሮጌ ስልክ ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ጣውላ ላይ አሰሩት። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ያነጥፋሉ፣ ይስላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት ደርበው ያንኑ ሥዕል ትንሽ ብቻ ፈቀቅ አድርገው ይስላሉ፣ ያነሳሉ። አንድ ጀግና ክንዱን እስኪዘረጋ ከሰዓት በኋላው ያልቃል። ብርሃኑ ከሥር ሲመጣ ወረቀቱ የሚተነፍስ ይመስላል፤ የልጆቹም ፊት ከአገጫቸው ወደ ላይ እየበራ፣ ሲያዩዋቸው እነሱም የተሳሉ ይመስላሉ።

ሥዕል ቢበላሽ ይደገማል። ስልኩ ከቦታው ውልፍት ካለ ግን ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ ከፊቱ ጋር አይገጥምም። ለዚህ ነው አለቃ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ስልኩን የነካ ከቡድኑ ይወጣል» ብሎ የጻፈው።

«ሰኞ ማታ መጨረሻ ላይ እዚህ የነበረው ማነው?» አለ አለቃ።

ማን እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። አዲሷ ደመናዎቿን ልትጨርስ ቀርታ ነበር። እንደሷ ደመና የሚስል የለም፤ ትክ ብሎ ያየው ሰው ዝናብ ዝናብ ይሸተዋል።

«እኔ አልነካሁትም» አለች አዲሷ።

«አዎ፣ ስልኩ በእግሩ ሄዶ ነው።»

ፉጨት ሳቀ። ሚጢጢ እርሳስ እየቀረጸች ነበር። እርሳሱ ሾሏል፤ እሷ ግን መቅረጿን አልተወችም።

ሰኞ ማታ አዲሷ ከሄደች በኋላ ሚጢጢ ወደዚህች ክፍል ተመልሳ ገብታ ነበር። ማማን ለማየት ነው የገባችው። ማማ የሷ ጀግና ናት፤ ቁመቷ ፎቅ ያስንቃል፣ መንገድ በአንድ እርምጃ ትሻገራለች፣ ጸጉሯ ከኋላዋ እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሚጢጢ በሩን ዘጋች፤ ስልኩን ፈትታ አወረደች፤ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋደመችና ማማ ስትበር አየች። ደግማ አየች። ክፍሉ ጠፋ፤ ከጎን ሲያፏጭ የነበረው የመስታወት መቁረጫ ድምፅ የነፋስ ድምፅ ሆነ። ጣሪያዎች ከሥሯ ያልፋሉ፣ መስኮቶች አንድ በአንድ ይበራሉ፣ ታች ያሉት ሰዎች አንጋጥጠው ያዩዋታል። በሕይወቷ አንጋጥጦ ያያት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ራት ስትጠራ ብድግ ብላ ስልኩን መልሳ አሰረችው። «እንደነበረ ነው» አለች ለራሷ። እንደነበረ አልነበረም።

«እንግዲህ እንዲህ ከሆነ» አለ አለቃ፣ ፊቱ ድንገት በርቶ፣ «ታሪኩ የጎደለው ይሄ ነበር። ከሃዲ! የጀግና ቡድን ሁሉ በመሀል አንድ ከሃዲ ይወጣዋል። ይጣላሉ፣ ይበታተናሉ፣ መጥፎው ዝገት ከተማዋን ይይዛታል፤ ከዚያ ተመልሰው ኃይላቸውን አንድ ላይ ያደርጋሉ። ሕጉ ነው።»

«ማን ይሁን ታዲያ?» አለ ፉጨት።

«መጨረሻ የገባው ነዋ! ሁልጊዜ እሱ ነው። ጭጋግ።»

ጭጋግ የአዲሷ ጀግና ናት። ጠላት ሲመጣ ከተማዋን አቅፋ የምትሸፍን፣ ዝምተኛ ጀግና።

«ጭጋግ ሰው አትከዳም» አለች አዲሷ።

«እስካሁን ድረስ። ስልኩን ካንቺ በቀር የነካው እንደሌለ ግን እናውቃለን፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ታውቂዋለሽ።»

አዲሷ ወደ ሚጢጢ ዞረች። «አንቺስ?» አለቻት። «እኔ ነኝ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ሚጢጢ እርሳሷን አየች። «እኔ እንጃ» አለች።

ሁለት ቃል ናት። አዲሷ ሁለቱንም ሰማች፤ ቀለሞቿን ሰብስባ በሱቁ በኩል ወጣች፤ አክስትየውን «ደህና ዋሉ» ማለቷን እንኳ አልረሳችም።

ፊልሙ ዓርብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይታያል። ረቡዕ የዘለለውን ክፍል እንደ አዲስ ሠሩት፤ ደመናውን አለቃ ራሱ ሳለው። ድንች የመሰለ ደመና ነው የወጣው። ፉጨት «ዛሬ ሰማዩ ሊቀቀል ነው» ሲል ብቻውን ሳቀ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የቀረችው ትልቋ ሥዕል ነበረች፤ የከሃዲው ጭንብል የሚወልቅበት። ፊት የምትስለው ሚጢጢ ስለሆነች ለሷ ተተወች። ወንዶቹ ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ አለቃ በሩ ላይ ሆኖ «ጭጋግ እንደሆነች በደንብ ይታወቅ፣ እሺ? አዳራሹ ሁሉ ‹ውይ!› እንዲል» አላት።

ሚጢጢ አምፖሉን አበራችና ወረቀቱን ዘረጋች። ካባውን ሳለች፣ ጭንብሉን የያዘውን እጅ ሳለች። ፊቱ ጋ ስትደርስ አክስቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጥታ መነዝነዝ ልማዷ ነው።

«ይሄ ቀጫጫ ማነው?» አለች፣ ከጎን ወደተቀመጠው ሥዕል እየጠቆመች።

«ዝገት ነው፣ አክስቴ። መጥፎው። የነካው ሁሉ ይዝጋል።»

«አሁን ምን እያለ ነው?»

«ከተማዋን እንዴት እንደሚያጠፋት እየነገራቸው።»

«ለማን? ለጠላቶቹ?»

«አዎ። በእንዲህ ዓይነት ፊልም መጥፎው ከመምታቱ በፊት ያሰበውን ሁሉ ይናገራል። እንደዚያ ነው የሚሠራው።»

«ጅል ነው በይኛ! እኔ የማውቀው መጥፎ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ነው የሚሠራ።» አክስትየው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች። «ይቺኛዋስ ምን አድርጋ ነው ጭንብሏ የሚገፈፈው?»

«ከሃዲዋ እሷ ሆና ነው። መጨረሻ የገባችው እሷ ስለሆነች…»

«መቼ ገባች አላልኩሽም። ምን አደረገች?»

ሚጢጢ አለቃ ያጻፋቸውን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በልቧ ገለጠችው። የለም። ጭጋግ ያደረገችው ነገር የትም አልተጻፈም።

«እሱ ገና ነው» አለች።

«ኧረ ተይኝ እቴ!» አለች አክስቷ፤ አንድ ደንበኛ ሲጠራት እየተነጫነጨች ወጣች።

ሚጢጢ ብቻዋን ቀረች። መቁረጫው ከወዲያ ማፏጨት ጀመረ፤ ብርሃኑ ከሥር እየሞቀ ፊቷን ነካት፤ ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ እንዴት ያለ ሐሳብ! ጭንብሉ ሲወልቅ ከሥሩ ማማ ብትሆንስ? ከሃዲዋ ማማ ትሁን። ደግሞ ሕግ ነው፤ ከሃዲ ከነገሩ ሁሉ በኋላ ይጸጸታል። ግንቡ ሲናድ ማማ ትከሻዋን ታስገባለች። «ሂዱ!» ትላቸዋለች፣ «እኔን ተዉኝ!» ጓደኞቿ እያለቀሱ ይሄዳሉ፤ ግንቡ ቀስ ብሎ፣ ላባ እንደሚወርድ ቀስ ብሎ ይወርድባታል፤ ጸጉሯ በአቧራው ውስጥ ያበራል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። አዲሷም ከመሀል ተቀምጣ ታያለች፣ ይገባታል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ይቅር ትላታለች። ማንም ምንም መናገር ሳይኖርበት።

እጇ ቀደማት። የማማን ዓይኖች ሳለች። እንደዚያ ያለ ዓይን ስላ አታውቅም፤ ሐዘኑ፣ ኩራቱ፣ ርቀቱ። ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ አሁንም አየቻቸው።

ድንገት ራሷን ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ አየችው። እንደ ሰኞው። ይኸው አሁንም ማማን እያየች ነው። በዚህ ሁሉ እንባ መሀል ሁሉም የሚያንጋጥጠው ወደሷ ነው፤ አዲሷ ደግሞ ከወንበር ላይ ተቀምጣ እንድታጨበጭብ ነው የታሰበላት።

ላጲስ አነሳችና ዓይኖቹን አጠፋቻቸው። ደጋግማ ፈተገችው። ወረቀቱ ፊቱ ጋ ሳሳና ብርሃኑ በዚያ በኩል አይሎ ወጣ፤ ካባ የለበሰ፣ ጭንብል የያዘ፣ ፊት የሌለው ነጭ ብርሃን።

«ጨረስሽ?» አለቃ ዳቦውን እየገመጠ ገባ። ጎንበስ አለ። «ፊቱስ?»

«አልሳልኩትም።»

«ለምን? ነገ እኮ ነው!»

ሚጢጢ ላጲሷን አስቀመጠች። እዚሁ ብትናገር ቀላል ነበር። አለቃ ይጮኻል፣ ፉጨት ይቀልዳል፣ ከዚያ «በቃ፣ ለሷ አንነግራትም፤ ፊልሙን እንጨርስ» ይባላል። ታውቃቸዋለች። ራሷንም ታውቃለች፤ እሺ ትል ነበር።

«ተነሱ» አለች።

«ወዴት?»

«አዲሷ ቤት። የምናገረው ነገር አለኝ፤ እሷ ባለችበት ነው የምናገረው።»

«ጭራሽ!» አለ አለቃ። «ምንድን ነው የምትናገሪው?»

«እዚያ ትሰማለህ።»

ፉጨት አለቃን አየ፣ ሚጢጢን አየ፣ ማፏጨቱን ተወ። «ነይ እንሂድ» አለ።

በፊልም ቢሆን ሦስቱ ጎን ለጎን፣ ነፋሱ ልብሳቸውን እያውለበለበ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር። አለቃ የጫማው ክር ተፈትቶ ወደ ኋላ ቀረ። ፉጨትን አንድ ብስክሌት ሊገጨው ደርሶ ባለብስክሌቱ «ዓይንህን ግለጥ፣ አንተ!» ብሎት አለፈ። የከሰዓቱ ፀሐይ በየመስኮቱ መስታወት ላይ ወርቅ ቀብቶ መንገዱ በሙሉ ተንሳፍፎ የቆመ ይመስል ነበር፤ ሚጢጢ በዚያ ውስጥ የምትለውን እያዘጋጀች ሄደች። መጀመሪያ ረጅም ንግግር ነበራት፤ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ቡድን፣ ስለ ልብ። ሱቆቹን ሲያልፉ ስለ ልብ የሚለው ረገፈ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ስለ ቡድን የሚለውም ወደቀ። «አስቤው አልነበረም» የምትል አንዲት ሰበብ እስከ በሩ ድረስ ተከትላት ነበር፤ እሷንም እዚያው ተወቻት።

አንኳኳች። «ቤቶች!»

የከፈተችው አዲሷ ራሷ ናት። ልብስ እያጠበች ኖሯል፤ አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል። ሦስቱን አየቻቸው። «ግቡ» አላለችም።

«ምን ፈለጋችሁ?»

ሚጢጢ እንደ ሁሉም ሰው እሷንም ለማየት ቀና ማለት ነበረባት። ቀና አለች።

«ሰኞ ማታ ስልኩን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ። ማክሰኞ ስትጠይቂኝም አውቅ ነበር።»

ከኋላዋ የአለቃ ማኘክ ቆመ። አረፋው ከአዲሷ ክንድ ላይ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የአዲሷ ፊት ገና ምንም አልወሰነም።

ሚጢጢ ዓይኗን አልሰበረችም። እዚያው በሩ ላይ፣ በራሷ ቁመት፣ የሚመጣውን ቆማ ጠበቀች።