የጋሽ መንግሥቴ ትንፋሽ

እኔ እኮ እንዲህ ያለ ነገር የማላምን ሰው ነኝ፣ ጎረቤት ጣሪያችን ላይ ኮቴ ሰማን ሲል «ድመት ነው፣ ተኙ» ብዬ የምስቅ፣ አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። አሁንም ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ እኔ ግን መሳቅ ትቻለሁ።

ሳክስፎን ያስተማረኝ ጋሽ መንግሥቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳንባውን ታሞ አረፈ። ለሙት ዓመቱ ዜማዎቹን በጃዝ ሠርቼ አልበም ላወጣለት ለባለቤቱ ለእትዬ አስካለ ቃል ገባሁ፣ ያውም በራሱ ሳክስፎን፣ በራሱ ሳሎን። እሳቸው ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ «ልጄ፣ ዓመቱ ሳይወጣ ከሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም፣ ተው» አሉኝ። «እትዬ፣ አሁን ካልተቀዳ ለሙት ዓመቱ በምን ይደርሳል?» ብዬ ድርቅ አልኩ። የኔ ነገር! እያቅማሙ ሰጡኝ።

ክረምት ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ የጭላሎ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። የሚቀዳልን ቶሎሳ፣ የኦጎልቾ ከተማ ልጅ፣ ማይኩን ሲያቆም እኔ የሳክስፎኑን ሳጥን ከፈትኩ፣ ከቀብሩ ወዲህ የነካው የለም፣ አፉ ላይ የምትታሰረዋን ቀጭን ሸምበቆ፣ እኛ ሪድ የምንላትን፣ በምላሴ ላርሳት ስል ለካ እርጥብ ናት። እመኑኝ፣ አሁን ከሰው አፍ የወጣች ነው የምትመስለው፣ ሙቀትም አላት። የክረምት እርጥበት ነው ብዬ ነፋሁ።

ሁለት ዜማ እንደቀዳን ቶሎሳ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ታሜ፣ ከመንፋትህ በፊት አየር የሚስበው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ያንተንማ አውቀዋለሁ። ሁለት ነው የሚሰማኝ።»

«ባክህ ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ሦስተኛው ዜማ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ሃያ ዓመት በትንፋሼ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ አየር ስስብ አንድ ሰው ቀድሞኝ የሚወስደው መሰለኝ። ሳክስፎኑን ሶፋው ላይ ጥዬ በረንዳ ወጣሁና ሳል በሳል ሆንኩ፣ ቶሎሳ መቅጃውን ሳያጠፋ ተከተለኝ፣ እትዬ አስካለም ውሃ ይዘው መጡ፣ ሦስታችንም ደጅ ነን፣ ሳሎን ውስጥ ማንም የለም።

ተመልሰን የተቀዳውን ስንከፍተው፣ የኔ ሳል ከሩቅ ይሰማል፣ ዜማው ግን አልተቋረጠም፣ እስከ መጨረሻው ተነፍቷል።

«ያ ረቢ!» አለ ቶሎሳ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዳመጡ። ዜማው ካለቀ በኋላ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሲወጣ አይሰማም።

«እሱ ነው» አሉ። «እንዲህ የሚስበው ሌላ ሊጀምር ሲል ነበር።»

ሳክስፎኑን በዚያው ቀን መለስኩ፣ አልበሙም ቀረ፣ ሙት ዓመቱ በጸሎት አለፈ። እኔ ግን ዛሬም ከገበያ ቤቴ ለመድረስ ሦስቴ ቆሜ አርፋለሁ፣ ሐኪሙ ሳንባህ ምንም የለበትም ይለኛል። ማታ ማታ የራሴን ሪድ በጨርቅ አድርቄ፣ ሳጥኗን ቆልፌ፣ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ዛሬ ጠዋት ከፈትኳት፣ እርጥብ ናት።