የእንድሪስ ድንጋይ

በሩን ገርበብ አድርጉት፤ ዝናቡ ይገባል። ኩራዙንም ከገለባው ራቅ አድርጉልኝ፤ እሳት አይታመንም። ሁላችሁም ገባችሁ? ደጅ የቀረ ሰው የለም? መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ እስኪነጋ የትም አትሄዱም። ተጠጋጉና ተቀመጡ።

ሾፌሩ የታለህ? መኪናህን ቁልቁለቱ ላይ ነው ያቆምከው። ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርገሃል?

— አለ!

ጎሽ። እኔ ፈሪ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን ሳልጠይቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ?

— ይንገሩን፣ አባባ።

እንግዲያው ስሙኝ። የምነግራችሁ ሰው የኖረው ድሮ ነው። አገሩን አልጠራም፤ ዘመዶች አሉት። ሰዓቱ ግን እንዳሁኑ ነበር፤ ዓይን ሰውን ከቁጥቋጦ መለየት የሚያቅተው ሰዓት። መንገዱ ከከተማ ወደ መንደር የሚወርድ ጠመዝማዛ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቅንጭብ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ትከሻው ላይ ብረት ተሸክሟል። ስሙ ይመር ነው።

ብረቱ ምንድነው? ቆዩ፤ እዚያ እደርሳለሁ።

ይመር ሾፌር ነበር። ረዳቱ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ እንድሪስ ነበር። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ይዘው አገር ለአገር ሲዞሩ ኖሩ። መኪናው አርጅቶ ከመንገድ ሲወጣ ባለቤቱ፣ «ውሰዱት፣ ለዶሮ ማደሪያ ይሁናችሁ» ብሎ ሰጣቸው። ሰዎቹ ግን ዶሮ አላሳደሩበትም። በሬ ጠምደው እየጎተቱ ግቢያቸው አስገቡት። እንደ አዲስ ሊሠሩት ነው!

መንደሩ ሳቀ። አላፊው ሁሉ ከአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እንድሪስ! ላማችሁ ዛሬም አልተነሳችም?» ይላል።

እንድሪስ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «አርግዛ ነው! አትቸኩሉባት!» ይላል።

እንዲህ እየተባለ ይሠራል። ሞተሩን አውርደው ቡሎኑን አንድ በአንድ በናፍታ አጠቡ። ዝገቱን በአሸዋ ፈገፈጉ። ያልተገኘውን ዕቃ ከሌላ ብረት ቀጥቅጠው አወጡ። ይመር ከላይ ሞተሩን ይሠራል፤ እንድሪስ ከሥር ይሠራል።

እንድሪስ ዘሃራ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረችው። እናቷ ስትወልዳት ሞታለች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ የማይጮኸውን ጥሩምባ ስትጫን ትውላለች።

«ዘሃራዬ፣ ስትዳሪ በዚህ ጋቢና ተቀምጠሽ ነው የምትሄጂው» ይላታል አባቷ።

«ማን ይነዳዋል?»

«አጎትሽ ነዋ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ረዳት ነኝ። ድንጋይ አነሳለሁ።»

አሁን ስለ ድንጋዩ ልንገራችሁ። ግቢው ተዳፋት ነው። የእግር ፍሬኑ ደግሞ ተፈታትቷል። መኪናውን የያዙት ያረጀ የእጅ ፍሬንና አንድ ድንጋይ ብቻ ነበሩ። እንድሪስ ራሱ ከወንዝ መርጦ ያመጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። የሽቦ እጀታ አበጀለት፤ ጫፉንም እንዳይጠፋ ቀይ ቀለም ቀባው። ወንድማማቾቹም ሕግ ነበራቸው። ከሥር የሚገባው ከመግባቱ በፊት፣ «ድንጋይ?» ብሎ ይጣራል። ከላይ ያለው አይቶ፣ «አለ!» ይላል። «አለ» ካልተባለ አይገባም። ስንት ዓመት በጎዳና ያኖራቸው ሕግ ነው።

አንድ ቀን ነፋስ ተነሳ። ሞተሩ የተሸፈነበት ሸራ ሊበር ሆነ። ይመር ምን ያድርግ? ዙሪያውን አየ። ጥሩ ክብደት ያለው ነገር ያ ድንጋይ ነው። «ለአፍታ ነው» አለና አንስቶ ሸራው ላይ ጫነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የእጅ ፍሬኑ ይዞታል።

ነፋሱ አለፈ። ይመር ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ድንጋዩን ረሳው።

እንድሪስ ምሳውን በልቶ መጣ። ዛሬ የሚሠራው ምንድነው? የእጅ ፍሬኑን ነው።

«ድንጋይ?» አለ።

ይመር ቀና አላለም። ስንት ዘመን የለመደ አፍ ነው። «አለ!» አለ።

እንድሪስ ገባ። ፍሬኑን ፈታ።

…

ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? አያስፈልግም።

ሰው ከመድረሱ በፊት ይመር አንድ ነገር አደረገ። ድንጋዩን ከሸራው ላይ አንስቶ ጎማው አጠገብ ጣለው። ለቀስተኛው ሲጠይቀው፣ «ድንጋዩ ተንሸራቶ ነው» አለ። ሁሉም አመነው። ማን ይጠረጥረዋል? ነፍሱ እስክትወጣ የሚወደው ወንድሙ ነው። እንድሪስን ቀበሩት። ዘሃራን ይመር አሳደጋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አጎቴ» ማለት ትታ «አባዬ» አለችው። «አባዬ» ባለችው ቁጥር ሰውዬው አንገቱን ይደፋ ነበር። ሰው የሐዘን ይመስለዋል።

መኪናው ሣር በቀለበት። ዶሮም አደረበት።

ዘሃራ አደገች። ከወንዝ ማዶ ለሆነ ልጅ ታጨች። አንድ ቀን እንጀራ አቅርባለት ፊቱ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?»

«ለምኚኝ።»

«አባቴ ቃል ገብቶልኝ ነበር። በዚያ መኪና ልሂድ።»

ምን ይበላት? እንቢ ቢል ለምን ልትል ነው። ለምን እንደሆነ ሊነግራት አይችልም። ጉርሻውን ወደ መሶቡ መለሰ። «እሺ» አላት።

እንደገና ጀመረ፤ አሁን ብቻውን ነው። ዶሮዎቹን አባረረ፣ ሣሩን ነቀለ፣ ዝገቱን ፈገፈገ። ያን ምሽት በዚያ መንገድ ትከሻው ላይ ተሸክሞት የሚወርደው ብረት ምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? በከተማ ያስጠገነው የመኪናው ራዲያተር ነው።

እየሄደ ናፍታ ሸተተው። ልብሱን አሸተተ፤ አይደለም። ሽታው ከፊቱ ነው የሚመጣው። ትንሽ ሄደ። ከኋላው ደግሞ የበረባሶ ድምፅ ሰማ። ጠፍ፣ ጠፍ። ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይሄዳል። ጠፍ፣ ጠፍ። በመንደሩ እንዲህ አንድ እግሩን እየጎተተ የሚራመድ ማን ነበር? እንድሪስ ነበር።

ይመር ዞር አላለም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር?

በማግስቱ ፋኖስ አብርቶ ሞተሩን ሲያጠብቅ ከሥር የቡሎን መፍቻ ብረት ሲነካ ሰማ። ኳ፣ ኳ። እጁን አቆመ። ከሥርም ቆመ። ሌላ ቀን ደግሞ ፋኖሱን ዝቅ ሲያደርግ ሁለት እግሮች አየ። ከመኪናው ሥር ወጣ ያሉ፣ በረባሶ ያደረጉ ሁለት እግሮች። ፋኖሱን ሲያስጠጋ ጠፉ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ቀስ ያለ፣ ዱሮ የሚያውቀው ድምፅ።

«ድንጋይ?»

ይመር ወደ ኋላ አፈገፈገ። አፉ ግን እንደለመደው፣ «አለ!» አለ።

ጠዋት ሲነሳ ከጎማው ሥር ድንጋዩ የለም። የት ነበር? ሸራው ላይ! ያን ቀን ራሱ በጫነበት ቦታ። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሕያው ሰው ነበር? አልነበረም። አንስቶ ጎማው ሥር መለሰው። ማታ «ድንጋይ?» ተባለ። «አለ!» አለ። ጠዋት ድንጋዩ ሸራው ላይ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ሆነ። ሰውዬው ከሳ። ግን ሥራውን አልተወም፤ ሠርጉ ደርሷል።

በሠርጉ ዋዜማ ሞተሩ ተነሳ። ጉድ! መንደሩ እልል አለ። ያ ከአጥር ላይ ሲያላግጥ የነበረው ሁሉ መጥቶ፣ «ላሟ ወለደች!» አለ። ልጆች ከኋላ ጭነት መጫኛው፣ ካሶኒው ላይ ወጡ። ዘሃራ እጇ ሂና ታስሮ ጥሩምባውን በክርኗ ተጫነችው፤ ጮኸ! ሳቀችና ደግሞ አለቀሰች። ይመር ዞር ብሎ ግንባሩን መኪናው ላይ አስደገፈ።

ከመሸ ሰው ተበተነ። ይመር የእጅ ፍሬኑን ደግሞ ሊያይ ፋኖስ ይዞ ወጣ።

«ድንጋይ?» አለ ድምፁ።

ይመር አፉን ከፈተ። ድምፁ ግን ዛሬ አላቆመም።

«ወንድሜ፣ ልጄ ልትሳፈርበት ነው። ድንጋይ አለ?»

ምን ብሎ ይመልስ? ለራሱ ስንት ጊዜ ዋሽቷል። ለዘሃራ ሕይወት ግን እንዴት ይዋሻል? ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ጎማው ሥር ባዶ ነበር። ተንበረከከ። ከመኪናው ሥር ወዳለው ጨለማ አጎንብሶ፣

«የለም» አለ። «የለም፣ እንድሪስ። ያን ቀንም አልነበረም። እኔ ነኝ ሸራ ላይ የጫንኩት። ሳላይ ነው ‹አለ› ያልኩህ።»

ከሥር አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ደክሞት የቆየ ሰው ጋደም ሲል እንደሚተነፍሰው። ከዚያ ዝም አለ። ለሁልጊዜው ዝም አለ።

ከኋላው ግን ሳህን ወደቀ።

ዘሃራ ነበረች። እራት ይዛለት መጥታ ነው። ሁሉንም ሰምታለች።

«ዘሃራዬ…»

አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ወደ ሸራው ሄደች። ድንጋዩ እዚያ ነበር። ሂና በሞቀው እጇ እጀታውን ይዛ አነሳችው፤ ጎማው ሥር አስገባችው፤ በእግሯ ገፍታ አጠበቀችው።

«አለ፣ አጎቴ» አለችው።

አጎቴ። ሰማችሁ? አባዬ አላለችም። ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ሙሽሪት በበቅሎ ሄደች። መኪናው ታጥቦ፣ አበባ ታስሮለት ቆሟል። ይመር አዲስ ልብሱን ለብሶ መሪውን ጨብጦ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ምናልባት ትመጣ ይሆናል ብሎ። ዘፈኑ ከወንዙ ማዶ እስኪጠፋ እዚያው ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያን ሞተር አላስነሳውም። በመሸ ቁጥር ዋናው መንገድ ላይ ይወጣል፤ ያ ቁልቁለት ጋ። የጭነት መኪና ሲቆም ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ጎማው ሥር ያደርጋል። ሾፌሮች ይስቁበታል። «ሽማግሌው፣ ማን ቀጠረህ?» ይሉታል።

«አይቼ ‹አለ› ለማለት ነው» ይላቸዋል።

እዚያው መንገድ ዳር ሞተ። ዘሃራ ለቀብሩ መጣች። ያን ድንጋይ ከግቢው ተሸክማ አምጥታ ራስጌው ላይ አቆመችው። መቃብሩ ላይ ተደፍታ፣ «አባዬ» አለች። «አባዬ፣ አለ። አለ፣ አባዬ።» እሱ ግን ከአፈር በታች ነው። ምን ይሰማል?

ይኸው ነው። አለቀ።

አሁን ሾፌሩ፣ ልጠይቅህ። ቅድም «አለ» ያልከኝ አንተ ነህ?

— እኔ? እኔ ቃልም አልተነፈስኩ። ረዳቱ መስሎኝ።

— ኧረ እኔም አልመለስኩም! ሾፌሩ የመለሰ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።

ድንጋዩንስ ማን አደረገው?

— … ማንም። ዝናቡ ሲያባርረን ዘለን ገባን።

ድምፁ ከበሩ በኩል ነው የመጣው። በሩ አጠገብ ማን ተቀምጧል? ማንም! ባትሪ ያዙና ሄዳችሁ እዩ። ሁለት ሁናችሁ፤ ብቻውን ማንም አይውጣ። ቶሎ በሉ!

…

መጣችሁ? ምነው ፊታችሁ? ተናገሩ እንጂ!

— አባባ… ድንጋይ አለ።

ምን ዓይነት ድንጋይ?

— ጥቁር። የሽቦ እጀታ ያለው። ጫፉ ቀይ ነው።

ተቀመጡ። አትፍሩ፤ ይመር ሰው አይጎዳም። አገሩን አልጠራም ያልኳችሁ እንድታድሩ ብዬ ነው። መቃብሩ ከዚህ ቤት ጓሮ ነው። ጠዋት ስትነሱ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥላችሁት እንዳትሄዱ፤ እንደ ሁልጊዜው እኔ ተሸክሜ ወደ ራስጌው እመልሰዋለሁ።

እናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ ሰው ከመኪና ሥር ሆኖ ሲጠይቃችሁ፣ ሄዳችሁ በእጃችሁ ሳትነኩት «አለ» አትበሉ።